የአያትሽ ሳጥን እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደግሜ ነው ያነበብኩት። ስምሽን እንዳልጠቅስ ስለጠየቅሽኝ አልጠቅሰውም። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በታሪክ ትምህርት ከተመረቅሽ 2 ዓመት ሆኖሻል። ሥራ ስላላገኘሽ እናትሽን ሱቅ ታግዣለሽ። አያትሽ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ወታደር ነበሩ። ሲያርፉ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ትተውልሻል። ውስጡ ሜዳሊያ፣ ጥቂት ፎቶዎችና አንድ ደብተር አለ። አንቺ የአካባቢሽን የጦር ታሪክ መሰብሰብና በዚያው መተዳደር ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ግን "ታሪክ እንጀራ አይሆንም፤ አካውንቲንግ ተማሪ" ይሉሻል። ጎረቤት ደግሞ "ሴት ልጅ ከጦር ወሬ ምን አላት?" ይላል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄሽ።

ከአጎትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አላቸው። ታሪክ ስለወደደ ብቻ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው የለም። የሚፈለገው የሽማግሌን ቃል ቀድቶ፣ ሳያዛባ ጽፎ፣ ዘመኑን አጣርቶ፣ ከሰነድ ጋር ማመሳከር የሚችል ሰው ነው። ይሄ ተለማምደው የሚይዙት ሙያ ነው። ዲግሪው ብቻውን አያስተምረውም። ለመለማመድ ደግሞ ካለሽበት ከመንዝ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እስቲ ሳጥኑን እንክፈተው። የሜዳሊያው ጥብጣብ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለበት ነው ብለሻል። ጽሑፉ አማርኛ ስለሆነ "እዚሁ አገር የተሠራ ቅጂ ይሆን?" ብለሽ ተጠራጥረሻል። አይደለም፣ አትጠራጠሪ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በዘማቾቹ አገሮች ቋንቋ ነው የተቀረጸው። ቱርኩ በቱርክኛ፣ ግሪኩ በግሪክኛ፣ የእኛው በአማርኛ። ብዙ የዘማች ልጆች ይህን አያውቁም። አንቺ አሁን አወቅሽ። ነገ አንድ ሙዚየም ውስጥ ያንን ሜዳሊያ የምታስረጂው አንቺ ብትሆኚ፣ ሥራሽ ማለት ይሄው ነው።

ከደብተሩ ውስጥ የገለበጥሽልኝ መስመር ግን ከሜዳሊያው ይበልጥብኛል። "ሌሊቱን ሬሳውን ይዘን ተመለስን።" ሌላ ማብራሪያ የለውም። ቃኘው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዘምቶ፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ መመለሱ ብዙ ተነግሯል። የወደቀ ጓደኛቸውንም ሜዳ ላይ ጥለው አይመለሱም ነበር ይባላል። የአያትሽ መስመር ያንን ወግ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ያሳያል። ማን ነበር የሞተው? ስንት ሆነው ሄዱ? ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ የተጻፉት 3 ስሞች ከዚያ ሌሊት ጋር ይገናኙ ይሆን? ጥናትሽ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። የዘማቾቹን ማኅበር እዚያ ጠይቂ። የኮሪያ ተቋማት ለዘማች ቤተሰቦች የትምህርት ዕድል የሚሰጡበት ጊዜ ስላለ፣ አንቺን ይመለከትሽ እንደሆነም በዚያው አጣሪ። ይህን አጎትሽም ቢሰሙት ጥሩ ነው።

ቃኘው የሚለው ስም ራሱ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የፈረስ ስም ላንቺ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። የድሮ ሰው የጦር መሪን በአባትና በማዕረግ ስም ብቻ አይጠራም፤ በፈረሱም ስም ይጠራዋል። "አባቴ ከአባ መላ ጋር ሰገሌ ጦርነት ላይ ነበር" ይሉሻል። አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሆናቸውን ካላወቅሽ ሰውየው ጠፉብሽ ማለት ነው። አባ ነፍሶ ደጃዝማች ባልቻ፣ አባ ዳኘው አፄ ምኒልክ፣ አባ ዲና የአንኮበሩ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ማዕረጉም እንዲሁ ነው። ፊታውራሪ የፊቱን ጦር፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን የሚመሩበት ቦታ ስም ነበር። ኋላ ላይ ነው ለክብር ብቻ ይሰጥ የጀመረው። አንድ ሽማግሌ "አያቴ ግራዝማች ነበሩ" ሲሉሽ የቱን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አለብሽ።

ዘመን ማጣራትም የራሱ ብልሃት አለው። "በስንት ዓመተ ምህረት?" ብለሽ አትጀምሪ። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ "አያትዎ ሲሞቱ የኅዳር በሽታ ገብቶ ነበር?" ብለሽ ጠይቂ። ዓመቱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ይህን የተማርኩት ከብዙ ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን አንዲት እማማ ቤት ተቀምጬ ነው። ዓመተ ምህረት ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ትንሽ ቆይቼ "ለአርበኞቹ ስንቁን ማን አሰናዳው?" አልኳቸው። ተነስተው ጓዳ ገቡ። እፍኝ ገብስ ይዘው መጡና መዳፋቸው ላይ እያሹ ያሳዩኝ ጀመር። እንዲህ ይታመሳል፣ እንዲህ ይሸከሸካል፣ ተፈጭቶ ስልቻ ውስጥ ይገባል። እናታቸው ሌሊት ሲፈጩ እሳቸው ልጅ ሆነው መብራት ይይዙ ነበር። አርበኛው በሶውን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው በጥብጦ ይጠጣል። እሳት አያነድም። "ጭስ ካለ ጣሊያን ያያል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ።

ለጎረቤትሽ መልሱ እዚህ ውስጥ ነው። በድሮው ሥርዓት ክተት ሲታወጅ ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። ያንን ስንቅ የምታሰናዳው ሴት ናት። ብዙዎቹም አብረው ይዘምታሉ። ሰፈር ሲደረስ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ቁስለኛ ያነሳሉ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የጣሊያን ጦር ያስጨነቀው የውሃው ምንጭ መያዙ ነው። ምክሩም የእቴጌ ጣይቱ ነው። ስለ ጥይቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ በሶው ግን ጥቂት ነው ያለው። ያንን ጓዳ ገብታ መጠየቅ የምትችለው አንቺ ነሽ። ሴትነትሽ እዚህ ላይ ያግዝሻል እንጂ አይጎዳሽም።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገርሽ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. እዚያው መንዝ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ወጥተው እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። የአካባቢው ሰው ይህን ረስቶት አያውቅም። ዓለም የሰማው ግን አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ መዝገብ ቤት ሰነዱን አግኝቶ፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ዋሻው ድረስ ከመጣ በኋላ ነው። እሱ ሥራውን ሠርቷል፣ አመሰግነዋለሁ። እኛ ግን ዋሻው አጠገብ ተወልደን የወላጆቻችንን ቃል አልቀዳንም። የሰሙት ሰዎች አሁን እያለፉ ነው። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት ካለሽ አካውንቲንግ ሳይሆን ጣሊያንኛ ጀምሪ። በስልክሽም መጀመር ትችያለሽ። ስለ ሸዋ አርበኞች የተጻፈ ብዙ ሰነድ ሮም ነው ያለው፣ አንብቦ የሚያመሳክር የአገር ልጅ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሱቁን አትልቀቂ። የመምህርነት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ዕድል ስትሰሚ ተመዝገቢ። ማስተማር ደመወዝ አለው፣ ክረምቱም ላንቺው ነው። የወረዳና የዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የቅርስ ባለሙያ ሲያወጡ ተወዳደሪ። አስጎብኚነትም አለ። አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ የአባ ዲናንና የአባ ዳኘውን ታሪክ በትክክል የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ግን ዛሬ ጎብኚው ስለሳሳ በእሱ ብቻ አትመኪ። ሁለተኛ ዲግሪ ከፈለግሽ 10 ሰው ቀድተሽ፣ ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ይሁን። ያኔ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ሆነ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትሄጂ የምታሳዪው ነገር በእጅሽ አለ።

ስልክሽ ለመቅጃ ይበቃል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ መፍቀዳቸውን መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስቀሪ። የተቀዳውን በዚያው ሳምንት ጻፊው፣ ሌላ ፍላሽ ላይም ገልብጪው።

ደግሞ አደራ። አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መንገዱ ካልተማመንሽበት አትውጪ። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ። ስለ ዛሬው ነገር አትጠይቂ፤ ጨዋታው ወደዚያ ከዞረ መቅጃውን አጥፊው። የሚነገረው ነገር ተናጋሪውን ሊጎዳው ይችላል። ለጊዜው ከተማው ውስጥ ያሉት አዛውንት ይበቁሻል።

ሜዳሊያውን እንዳትወለውይው፣ ፎቶዎቹንም በፕላስቲክ እንዳታስለብጫቸው። ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺና ቅጂውን ለአጎትሽ ስጫቸው፤ የእሳቸውም አባት ናቸው። ዛሬ ማታ ደግሞ እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አያትሽ ኮሪያ ሳሉ ደብዳቤ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚያነበው ማን ነበር? መልሱን ጻፊልኝ።