የሚዶው ስንተኛ ጥርስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በወጥመድ የተያዘ የካልሲየም አዮን በድግግሞሽ ሚዶ እንዴት እንደሚለካ እያነበብሁ ነው። ቆጣሪው የሚያሳየው መቶ ሜጋሄርዝ አካባቢ ብቻ ከሆነ 411 ቴራሄርዝ የሚባለው ቁጥር ከየት ይመጣል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ድግግሞሽ ሚዶ ማለት እንደ ሚዶ ጥርስ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ ድግግሞሾች ያሉት ሌዘር ነው። ቆጣሪው የሚነግርዎ አዮኑን የሚለኩበት ሌዘር ከአንዱ ጥርስ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ጥርሱ ስንተኛ እንደሆነ አይናገርም፤ ከባዱ ስሕተት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጥርሱን ተራ ቁጥር በጥርሶቹ ርቀት ያባዛሉ፤ በዚያ ላይ ሚዶው ከዜሮ ፈቀቅ ያለበትን መነሻ ይደምራሉ፤ ከዚያ ቆጣሪው ያሳየውን ልዩነት ይደምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የጥርሶቹ ርቀት 250፣ መነሻው 20፣ ልዩነቱ 109.776 ሜጋሄርዝ ነው እንበል። 1,644,168ኛውን ጥርስ ከያዙ ድምሩ 411,042,129.776 ሜጋሄርዝ ይሆናል፤ በ729 ናኖሜትር ያለው የካልሲየም አዮን ቀጭን መስመር፣ አዮኑ ብርሃን የሚቀበልበት ድግግሞሽ ማለት ነው።

መደመር ነው መቀነስ? የጥርሶቹን ርቀት በ1 ሄርዝ ከፍ ያድርጉት። ጥርሱ በ1.64 ሜጋሄርዝ ወደ ላይ ይሄዳል። ልዩነቱ ወደ 108.13 ከወረደ ሌዘሩ ከጥርሱ በላይ ነውና ይደምሩ፤ ከወጣ ይቀንሱ። የመነሻውም ምልክት እሱን ራሱን በማንቀሳቀስ ይፈተሻል።

ተራ ቁጥሩን የሚያገኙት በሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው። ስሕተቱ ከ125 ሜጋሄርዝ፣ ማለትም ከጥርሶቹ ርቀት እኩሌታ ማነስ አለበት፤ እስከ 50 ቢወርድ ደግሞ እጅግ ይሻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚያ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአየር ውስጥ የተለካውን የሞገድ ርዝመት በባሕር ጠለል ግፊት ወደ ቫኪዩም ቢቀይሩት ወደ 28 ጊጋሄርዝ ይስታሉ፤ ይህም ከ100 ጥርስ በላይ ነው። ስለዚህ የክፍሉን ግፊትና ሙቀት እዚያው ለክተው ያስገቡ። የአየር ትንበያ የሚያወጣውን ግፊት አይጠቀሙ፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው።

መለኪያው አስተማማኝ ካልመሰለዎት የጥርሶቹን ርቀት በ10 ኪሎሄርዝ ቀይረው እንደገና ይለኩ። ትክክለኛው ተራ ቁጥር በሁለቱም ጊዜ አንድ ውጤት ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ በአንድ ጥርስ ከሳቱ ውጤቶቹ በ10 ኪሎሄርዝ ይለያያሉ።

የልዩነቱ ሲግናል በ100 ኪሎሄርዝ ስፋት ሲታይ ከጫጫታው በ30 ዴሲቤል ካልበለጠ ቆጣሪው ይዘላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሁለቱ ጨረሮች አለመገጣጠም ወይም የማይፈለጉት ጥርሶች ፎቶዳዮዱን (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረውን) ማጥለቅለቃቸው ነው። ከፎቶዳዮዱ በፊት ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ የሚለይ ግሬቲንግ ያስገቡና 729 ናኖሜትር አካባቢ ያሉትን ጥርሶች ብቻ ያሳልፉ። የተለያየ ፊልተር ባላቸው ሁለት ቆጣሪዎች ይቁጠሩ፤ ያልተስማሙባቸውን ሰከንዶች ይጣሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አዮን ብቻውን ቫኪዩም ውስጥ ተይዞ ሳለ መስመሩ ለምን ከቦታው ይንቀሳቀሳል? (የፊዚክስ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ከሁሉ የሚከፋው ማግኔታዊ መስክ ነው። መስኩ መስመሩን ከመሃሉ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደሚቆሙ መስመሮች ይከፍለዋል። ዳር ያለው መስመር በ1 ጋውስ (የማግኔታዊ መስክ መለኪያ) 3.9 ሜጋሄርዝ ይሄዳል። ጥንዱ በተቃራኒው ያንኑ ያህል ስለሚሄድ ሁለቱን ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይህን ይሰርዛል። ሦስት ዓይነት ጥንዶችን ለክተው የሦስቱን አማካይ ከወሰዱ ደግሞ ያልተስተካከለ ኤሌክትሪክ መስክ የሚያመጣው ፈቀቅታም አብሮ ይጠፋል። የመብራት ኃይሉ 50 ሄርዝ መስኩን ስለሚያወዛውዝ እያንዳንዱን ልኬት በዑደቱ አንድ ቦታ ላይ ያስጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የ397 ናኖሜትር ማቀዝቀዣ ሌዘርን ነው። በአኩስቶ-ኦፕቲክ (በድምፅ ሞገድ ብርሃንን በሚያዞር) ማብሪያ ማጥፊያ ሲዘጋ ጥቂት ብርሃን ይሾልካል፤ ያም መስመሩን ያሰፋዋል፣ ከቦታውም ይገፋዋል። የግድ በሜካኒካል መዝጊያ ይደግፉት።

ጥያቄ፦ አንዱን አዮን ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ላይ ብንለካው ቁጥሩ አንድ ይሆናል? (ከደጀን)

መልስ፦ ሰከንዱን ከየት እንዳመጡት ይወሰናል። ሚዶው እዚያው ክፍል ካለ የሲዚየም ሰዓት ጋር ከታሰረ ከፍታው አዮኑንም ሰዓቱንም እኩል ይነካል፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ከጂፒኤስ ጋር ከታሰረ ግን ሰከንዱ የባሕር ጠለል ሰከንድ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ያለ ሰዓት ይፈጥናል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 1.1 × 10⁻¹⁶ ያህል። 2,450 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ማርቆስ አዮኑ በ110 ሄርዝ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል፤ 1,800 ሜትር ግድም ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ በ81። ቁጥሩን ከሌላ አገር ውጤት ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት ይቀንሱት።

ይህን ልዩነት ለማየት ግን ማመሳከሪያው ጥሩ መሆን አለበት። በጂፒኤስ የሚታረም የሩቢዲየም ሰዓት በ10⁻¹² ቢስት 411 ሄርዝ ይሆናል፤ 110ሩ እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በአንጻሩ ከፍታውን ማወቅ ቀላል ነው፤ በ10 ሜትር ቢሳሳቱ እንኳ የሚያጡት ግማሽ ሄርዝ አይሞላም።