ውሻ ይዞ ስኖውደንን ስለመውጣት፦ መልስ

«ውሻችንን ይዘን በዌልስ ወዳለው የስኖውደን ተራራ ጫፍ በባቡር መውጣት እንችላለን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በባቡር አይቻልም። ከተራራው ግርጌ ካለችው ከላንቤሪስ መንደር ወደ ስኖውደን ጫፍ የሚወጣው ባቡር ከአካል ጉዳተኞች ረዳት ውሾች በስተቀር ውሻ አያሳፍርም። «የተከራየነው ጎጆ ውስጥ ብቻውን ትተነው ብንሄድስ?» ላልሽው ደግሞ፣ ውሻ የሚቀበሉ አብዛኞቹ የኪራይ ቤቶች ይህን ይከለክላሉ፤ ከመክፈልሽ በፊት ውሉን አንብቢ።

ሁለት አማራጭ አላችሁ፦

1. በላንቤሪስ መንገድ በእግር መውጣት። ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።
2. በአካባቢው ካለችው ከፖርትማዶግ ከተማ የሚነሳው የፌስቲኒዮግ ባቡር፤ ወደ ስኖውደን ጫፍ ግን አይወጣም። እሱ ውሻ ያሳፍራል፤ ልጆች ስላሉሽ እኔ ይህንን እመርጥልሻለሁ።

አደራ የምልሽ ግን ስለ በጎቹ ነው። በሜይ ወር ግልገሎች በየመስኩ አሉ። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ለሕዝብ በተከፈተው ገጠር ውሻ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። አንድ ጊዜ የእኛ ውሻ ባልተቀረቀረ የግቢ በር ሾልኮ መንጋው መሃል ገባ። አንዲት እናት በግ ግልገሏን ከድንጋዩ አጥር ጋር አስጠግታ፣ መሬቱን በእግሯ እየደበደበች ስትንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል። ገበሬው መንጋውን ለማዳን ቢተኩስ ኖሮ ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ጎጆው እንደደረሳችሁ፣ ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት፣ አጥሩን ዙሩና እያንዳንዱን በር በእጃችሁ ገፍታችሁ ፈትሹ።