ራውንድ ሲመጣ እናትየዋን አታስወጧት

ሕፃናት ክፍል አዲስ ለምትገቡ ነርሶችና ሐኪሞች፣

«ራውንድ ነው፣ አስታማሚ ውጡ!» ሐዋሳ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ራውንድ ሐኪሞች ካልጋ አልጋ እየዞሩ ሕመምተኛ የሚያዩበት ሰዓት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሐኪሙም ተማሪውም አንድ አልጋ ይከባሉ። እናት ስትወጣ ሥራው የሚቀል ይመስላል።

አንድ ጠዋት በተቅማጥና በትውከት የተኛ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረን። እናቱ ከገጠር የመጣች ናት፤ ከሲዳምኛ ሌላ አትችልም። ራውንድ ልንጀምር ስንል እጄን ያዘችኝ። እኔ በሩን አሳየኋት። ካርዱ «እየተሻለው ነው» ይላል፣ ግሉኮሱም ተሰቅሏል። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የልጁን የሽንት ጨርቅ ይዛለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ተረጎመችልኝ፦ «ከማታ ጀምሮ ደረቅ ነው ትላለች። እጁም አብጧል ትላለች።»

ሮጥኩ። ፋሻውን ስፈታው ካኑላው (ግሉኮሱ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ከደም ሥሩ ወጥቷል፤ ፈሳሹ ሥጋው ውስጥ ገብቶ እጁ ተነፍቷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሰውነቱ ውሃ አጥቷል ማለት ነው። እናቱ ያወቀችውን እኛ አላወቅንም፤ ልትነግረን ስትመጣም አስወጣናት።

ወዲያው ሌላ ደም ሥር ፈልገን ፈሳሹን ጀመርንለት። ልጁ ተረፈ። ያቺ ደረቅ ጨርቅ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ብሪታንያ ውስጥ ድሮ ልጅ ሲተኛ ወላጅ የሚገባው በተወሰነ ሰዓት፣ አንዳንድ ቦታም በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር። ወላጅ እንደልቡ እንዲጠይቅ፣ እናትም ከትንሽ ልጇ ጋር እንድታድር የመከረው የመንግሥት ኮሚቴ ሪፖርት፣ ፕላት ሪፖርት የሚባለው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የእኛ እናቶች ማንም ሳይመክርላቸው ካርቶን አንጥፈው ከአልጋው ሥር ያድራሉ። እኛ ደግሞ ወረቀት አስይዘን ፋርማሲ እንልካቸዋለን፣ ናሙና ላብራቶሪ እናስወስዳቸዋለን፣ ስለ ልጃቸው ሲወራ ግን በር እንዘጋባቸዋለን። ይህን ተሳትፎ ልለው አልችልም። መላላክ ነው።

ካርድ ከመግለጣችሁ በፊት እሷን ጠይቋት። ሌሊቱን እንዴት አደረ? ጠባ? ሸና? ቋንቋዋን ካልቻላችሁ የሚችል ሰው አስጠሩ፤ ሐዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ የሚናገር አይታጣም። መርፌ ስትወጉት ጭኗ ላይ ትታቀፈው። ማየት የማትችል ካለች ደግሞ አታስገድዷት። አባትየውም ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሆናል። የመድኃኒት ገንዘብ ሲያስፈልግ ብቻ አትፈልጉት፤ ግባና ልጅህን ያዝ በሉት።

ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ) ሰጥታችሁ እናትየዋን ስታሰናብቱም በቃል ብቻ አታስረዱ። ሙሉውን ፓኬት ባንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እዚያው ፊታችሁ ትበጥብጠው። ስንት ጊዜ ግማሹን ፓኬት ባንድ ብርጭቆ ስትበጠብጥ አይቻለሁ! ያኔ ነው የኛ ማስረዳት ጆሮዋ እንዳልገባ የሚገባችሁ።

በማግስቱ ራውንድ ሲመጣ ያችን እናት ማንም አላስወጣትም። ሐኪሙ ልጁ አልጋ ጋ ሲደርስ አንድም ቃል ሳትናገር ጨርቁን ዘረጋችለት። እርጥብ ነበር።