በአምናው ስሙ አትጥሩት

ለተማሪ ልጆቼ፣

ለ31 ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሥነ ሕይወት አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ትምህርት የሚጀመርበት ሰሞን ሲደርስ እንቅልፌ ከወትሮው ቀድሞ ይሸሸኛል። ጆሮዬ የሚጠብቀው ነገር ስላለ ይመስለኛል፤ ለወራት ጭር ብሎ የከረመ ግቢ በአንድ ማለዳ ሲሞላ የሚሰማው ሁካታ። ስለ አዲስ ደብተር፣ ስለ ጥናት ሰዓት፣ ስለ ውጤት የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል፤ ስሙት። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሁካታ ነው፤ ተለያይታችሁ ከርማችሁ ስትገናኙ እርስ በርሳችሁ እንዴት እንደምትተያዩ።

ከዕረፍት የሚመለሰው ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የተሰናበታችሁት ልጅ አይደለም። ነገር ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚመሰክረው ነው። ዕድገት በሚፈጥንበት የጉርምስና ወቅት አንድ ወንድ ልጅ በዓመት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ሴቶች ይህን ወቅት ሁለት ዓመት ገደማ ቀድመው ያገኙታል። የወንዱ ማንቁርት ይሰፋል፤ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ ብሎት ሲቆራረጥ ይከርምና ይጎረንናል። ለማቀድና ስሜትን ለመግዛት የሚያገለግለው የአንጎል የፊተኛ ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። አምና በሆነ ባልሆነው ይቆጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን መሰብሰብ ጀምሮ ይሆናል። ክፍሉ ግን በአምናው ቅጽል ስም ይጠራዋል፤ እርሱም ሳይወድ በግድ የአምናውን ልጅ ይሆናል።

አንድ የመጀመሪያ ቀን አይረሳኝም። ስም እየጠራሁ ነበር። በቀጭን ድምፁ ምክንያት የወፍ ስም የወጣለት ልጅ ተራው ደረሰ። «አቤት!» አለ። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ተነሣና መሐል ላይ ተሰብሮ ቀጠነ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከኋላ መቀመጫ አንዱ በዚያው በወፍ ስሙ ጠራው። እኔም ፈገግ ብዬ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ልጁ ለብዙ ሳምንታት ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ነበር የሚያነሣው። ጥያቄ ስጠይቀው፣ መልሱን እንደሚያውቅ ከዓይኑ እያነበብኩ፣ አንገቱን ይደፋ ነበር። ያን ዕለት ሁለት ደቂቃ ወስጄ ድምፅ ለምን እንደሚሰበር ባስረዳ ኖሮ የሳቁት ወንዶች ሁሉ ያው ነገር በራሳቸው ላይ እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። አላስረዳሁም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ የቅጽል ስም ዕዳ ከዓመት ወደ ዓመት አታሸጋግሩ። ባለቤቱ ወዶት የያዘው ስም ካልሆነ በቀር በመዝገብ ስሙ ጥሩት።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል የደገመ ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ላይ ልብ ብላችሁ እዩት። አብረውት የተማሩት ወደ ላይኛው ክፍል ሰልፍ ሲሄዱ እርሱ ከታናናሾቹ ጀርባ ይቆማል፤ ቁመቱ ያጋልጠዋል። የቀድሞ ጓደኞቹ የሚሉት ስለሚጠፋቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። እነርሱ ያፈሩት ለእርሱ ተሳቅቀው ነው፤ እርሱ ግን እንደናቁት ይቆጥረዋል። በዚህ ዓይነት አለመግባባት የፈረሰ ብዙ ጓደኝነት አይቻለሁ።

ያልፈረሰም አይቻለሁ። አንድ ዓመት በኃላፊነት በያዝኩት ክፍል ውስጥ አንድ ደጋሚ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የዕረፍት ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥቶ እርሱ ከዴስኩ አልተነሣም። የተሰጠውን መጽሐፍ በጋዜጣ ይለብድ ነበር። አንዱን ጠርዝ ያጥፈዋል፣ በጥፍሩ ይዳምጠዋል፣ ይዘረጋዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል። መጽሐፉ አላስቸገረውም፤ ደወሉ እስኪመለስ ድረስ እጁን የሚያስይዝለት ሥራ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የአምና የዴስክ ጓደኛው ከላይኛው ፎቅ ወርዶ ገባ። «አይዞህ» አላለውም። ስለ አዲሱ ክፍሉም አላወራለትም። አጠገቡ ተቀመጠና ጋዜጣው እንዳይሸሽ በመዳፉ ያዘለት። በሩ ላይ ደርሼ ነበር፤ ኮቴዬን ሳላሰማ ተመለስኩ። ያ ልጅ በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም መጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ደጋሚው ልጅ ራሱ ወደ ግቢው ይወጣ ጀመር፤ ከአዲሶቹ የክፍል ጓደኞቹም ሁለቱን ይዞ ነበር የሚወጣው።

ወደ አዲስ ገቢዎች ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ትምህርታቸውን ገና የሚጀምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ስብሰባቸው ላይ በዕጣ አስቀምጦ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ያን ቀን ጎን ለጎን የተቀመጡት ከሌሎቹ ይልቅ ተቀራርበው ተገኙ። ዕጣ ያገናኛቸው ለአንድ ስብሰባ ብቻ መሆኑን አስቡ። እናንተ የምትቀመጡበትን ዴስክ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማንንም ከማያውቅ ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። የቆየው ጓደኛችሁ በሁለት ዴስክ ርቀት አይጠፋም።

አዲስ የገባችሁት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጓደኛ አላገኘሁም ብላችሁ አትዘኑ። ጄፍሪ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ከመተዋወቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ሦስት ቀን ለዚህ ምን ያህል ነው? ሰዓቱም ቢሆን ጎን ለጎን ተቀምጦ መምህር በማዳመጥ ብቻ አይሞላም። ከክፍል ወደ በር አብሮ መሄድ፣ ያልገባን ነገር ሳያፍሩ መጠየቅ፣ ኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ መጨቃጨቅ ያስፈልገዋል።

የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ላይ የማንም መምህር ንግግር የማይተካው ሚና አላችሁ። ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰዓት ያህል በፈጀ ቆይታ፣ አዲስ የኮሌጅ ተማሪዎች የነባሮቹን ምስክርነት እንዲያነቡ አደረጉ። ነባሮቹ የሚሉት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቦታው የእኔ አይደለም የሚል ስሜት ነበረን፣ ከጊዜ በኋላ ግን አለፈ። በኮሌጁ በቁጥር ጥቂት የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ውጤታቸው ተሻሻለ። እናንተም በቃላችሁ ልትሉት የምትችሉት ነገር ነው። ደረጃው ላይ መንገድ ጠፍቶት የቆመ ልጅ ስታዩ ክፍሉን ጠቁማችሁት ብቻ አትለፉ። «እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌን እየሳትኩ ነበር» በሉት።

ስለ ትምህርቱ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችሁ «ሁሉም ጠፍቶብኛል» እያላችሁ ስትደነግጡ ስላየሁ። ሄርማን ኤቢንግሀውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እያጠና የራሱን መርሳት ለክቷል። አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ አገኘ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውስለትም ይህንኑ ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ሌላው ግኝቱ ነው። የረሳውን ደግሞ ሲያጠና የመጀመሪያውን ያህል ጊዜ አልፈጀበትም። ጠፋ ያለው ነገር ዱካውን ትቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን የክለሳ ሳምንታት እንደ ባዶ ጊዜ አትቁጠሯቸው።

እኔ በጓደኝነትም ያንኑ አይቻለሁ። አምና ተኳርፋችሁ የተለያችሁ ካላችሁ፣ ዕረፍቱ ያላሰባችሁትን ነገር ሠርቶላችኋል፤ የጠቡን ዝርዝር አደብዝዞታል። ማን ጀመረ፣ ማን ምን አለ የሚለውን ከእንግዲህ አትቆፍሩ። በመጀመሪያው ቀን ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይጠየቅም፤ ሁሉም ሰላም የሚባባልበት ቀን ስለሆነ ሰላምታው አያሳፍርም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያው ሰላምታ ተራራ ይሆናል። ይህን ቀን አታሳልፉት። የግቢውን ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኞቹን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊም በስማቸው ሰላም በሏቸው፤ ዕረፍቱን ሙሉ ግቢውን ለእናንተ ሲጠብቁ የከረሙት እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስም ሲጠራ ዝም የሚል ስም ይኖራል። መምህሩ ሁለት ጊዜ ይጠራና በእርሳስ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ በእርሳሱ ምልክት ላይ ቀይ መስመር ይሰመርና ያ ስም ከመዝገቡ ይወጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ቀይሮ ይሆናል። ታሞም ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ሸክም ወድቆበትም ይሆናል። መምህሩ የሚያውቀው አድራሻ ብቻ ነው፤ መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ሁለት ጊዜ ጠርቼ ምልክት ሳደርግ ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ሄጄ እጠይቃለሁ» አለች። በማግስቱ የሄደችበትን ስጠይቃት የጓደኛዋ እናት ታማ ልጅቷ ታናናሾቿን እየጠበቀች እንደሆነ ነገረችኝ። የክፍል ማስታወሻዋን በሁለት ደብተር መጻፍ እንደጀመረችም አየሁ፤ አንደኛው የራሷ፣ ሌላኛው የጓደኛዋ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ጻፈች። አንድ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እየሮጡ ስለመጡ ትንፋሻቸው አልተሰበሰበም። አንደኛዋ ሌላኛዋን በእጅጌዋ ይዛታለች። መዝገቡን ከፍቼ የእርሳሱን ምልክት በላጲስ አጠፋሁ። ማርፈዳቸውን አልመዘገብኩም።