ኪኒኑን ካቆመች በኋላ ልጄን ጣላት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት ተብሎ ማታ ማታ ፌኖባርቢታል ትወስድ ነበር። ስምንት ወር ሳይጥላት ስለቆየ ድናለች ብለን ኪኒኑን ትተን ጸበል ጀመርን። ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላች ከሰሉ አጠገብ ወደቀች። ክብሪት ጭረን አፍንጫዋ ሥር ያዝንላት። አረፋው ወደ ታናናሾቿ ይተላለፍ ይሆን? ወይስ ዕጣዋ ይሄ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዕጣዋ ይሄ አይደለም። ሕመሙ የአንጎል ነው፤ እርግማንም ቁጣም የለበትም። መድኃኒታቸውን በአግባቡ ከሚወስዱ 10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ይማራሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። አረፋው ምራቅ ነው፤ ማንንም አይዝም።

ክብሪቱ ግን ያንገበግበኛል። ሰው በወደቀበት ሁሉ አንዱ ኪሱን ይዳብሳል። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ተጭሮ አፍንጫዋ ሥር እስኪደርስ ሊያበቃ ተቃርቧል። ከዚያ ክብሪቱ አነቃት ይባላል። ለመተንፈስ የምትታገል ልጅ የድኝ ጭስ ምን ያደርግላታል? ከንፈሩ በክብሪት ተቃጥሎ የመጣ ልጅ አክሜያለሁ። ደግሞስ ሁሉም ክብሪት ሲፈልግ ከሰሉን ማን አራቀው?

ሲጥላት ከእሳት ያርቋት። ነጠላ አጣጥፈው ከራሷ ሥር ያድርጉ፣ በጎኗ ያስተኟት። አፏ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፣ እጅና እግሯንም አጥብቀው አይያዙ። ሰዓት ይመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል!

አሁን ልቆጣዎት ነው። ስምንት ወር ያልጣላት ድና ሳይሆን ኪኒኑ ይዞላት ነው። ፌኖባርቢታል እንዲህ በአንዴ አይጣልም። አንጎል ይለምደዋል፤ ድንገት ሲቋረጥበት የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ይገድላል። ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥላት ከቆየች ነው፤ ያውም ሐኪም እያየ፣ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ። እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ይናገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም በሌላ ይተካል። ጸበሉን ትጠመቅ፣ ማንም አይከለክላትም። ኪኒኑን ግን አብራ ትዋጥ።

ነገ ጠዋት የተረፈውን ኪኒንና ካርዷን ይዘው የጀመረችበት ጤና ተቋም ይውሰዷት። መቼ እንዳቆመች ሳይደብቁ ይንገሯቸው። እስከዚያ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።