የኦዲት ጉድለትና የሙስና ክስ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ ጠበቃ ጋር

ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። ድሬዳዋ ላይ በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና የምሠራ ነኝ። እጄ ላይ የሚበዙት የገንዘብ ያዦች፣ የንብረት ክፍልና የግዥ ሠራተኞች መዝገቦች ናቸው። በሰፈራችሁ ስም ጠይቁኝ። የራሳችሁን ስምና የመዝገብ ቁጥር ግን አትጻፉ። ያለፈ ቀን ጽፋችሁም አዲስ ሰነድ አታዘጋጁ። ይህችን ደጋግሜ እላታለሁ።

ሳቢያን፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነኝ። ኦዲተሮች 380 ሺህ ብር ጉድለት አለብህ አሉኝ። አበቃልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃልህም። የኦዲት ግኝት ፍርድ አይደለም። ጉድለቱ የወረቀት ነው ወይስ የዕቃ? መጀመሪያ እሱን ለይ። በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የሆነ ሲሚንቶ በስልክ ትእዛዝ ይወጣል። "ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኙ) ነገ ይቆረጣል" ይባላል። ሳይቆረጥ ዓመቱ ያልቃል። ሲሚንቶው ግንብ ሆኖ ቆሟል፤ መዝገቡ ላይ ግን ዛሬም አንተ ጋ ነው። የተቀበለውን ሰው፣ የጫነውን ሾፌር፣ ጥበቃው ጋ የቀረውን የመውጫ ወረቀት ፈልግ። ከዚያ የርክክብ ሰነድህን አውጣ። ከቀድሞው ሠራተኛ ቁልፍ ብቻ ተቀብለህ ከገባህ፣ የሱም ጉድለት በአንተ ላይ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ኦዲተሩ ከየትኛው ቀን ጀመረ? የመነሻ ሚዛኑን፣ ማለትም ሲጀመር ነበረ ያለውን መጠን፣ ከየት አመጣው? ቆጠራው ሲካሄድ አንተ ነበርክ? መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ጠበቃህ የዐቃቤ ሕግን ምስክር የሚጠይቀው፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ለምን ወረቀት ወረቀት እንደምል ልንገራችሁ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አንቀጽ 3 አለ። ዐቃቤ ሕግ ድርጊቱን ካስረዳ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ሌላውን ለመጉዳት ታስቦ እንደተፈጸመ ይገመታል። "ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም" ማለት ብቻውን አይበቃም። ግምቱ የሚፈርሰው በማስረጃ ነው። ሰው ግን ወደ ጠበቃ የሚመጣው ቢሮው ከታሸገ፣ ፋይሉ ከተወሰደ በኋላ ነው። በጣም ያበሳጨኛል። ዛሬ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የርክክባችሁን ቅጂ አሁኑኑ ያዙ።

ገንደ ቆሬ፦ ባለቤቴ በሙስና ተከሶ ታስሯል። ዋስትና ያገኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በአዋጅ ቁጥር 434/1997 መሠረት፣ የተከሰሰበት ወንጀል ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና የለም። ስለዚህ ክሱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው አንቀጹና ንዑስ አንቀጹ ነው። ነገሩ ቅጣቱ ቀለል ላለው አንቀጽ የሚስማማ ከሆነ ጠበቃው በክስ መቃወሚያው ይታገልበት። ዋስትና ከተከለከለ ለይግባኝ ያለሽ 20 ቀን ነው። ዳኛ አውቃለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ሰው አንድ ብር አትስጪ። ሌላ መዝገብ ይከፈትባችኋል።

ከዚራ፦ ፖሊስ ቃልህን ስጥ ቢለኝ እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያለመናገር መብት ሰጥቶሃል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ቃል ከሰጠህ ሳታነብ አትፈርም።

ታይዋን፦ የሙስና ክስ እንዴት ይረታል?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። ምን አደረግህ ተባልክ? በየትኛው አንቀጽ? ምን ማስረጃ ቀረበብህ?

ቀፊራ፦ አቦ፣ እናንተም ሌባ ታስመልጣላችሁ! የሕዝብ ገንዘብ በልቶ ቪላ የሠራውን ነጻ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

ጀጎል፦ ቪላ የሠራውን መቼ አሰሩት? የሚታሰረው ፈራሚው ነው።

ቀፊራ፦ ፈራሚውም ድርሻ አለው። ለቦታ ካርታ ያመላለሱኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀጎል፦ ስለ ካርታ ማን ጠየቀህ?

ቀፊራ፦ ሐረር የተሻለ መስሎህ ነው?

መልስ፦ የካርታውን ሌላ ቦታ ጨርሱት። ቀፊራ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ግን የበላው የሚያመልጠው ያልበላው ሲታሰርለት ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልበቃ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነጻ ይሰናበታል። ይህ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 ነው። የጠበቃ ተንኮል አይደለም።

መልካ ጀብዱ፦ በቼክ ተከሰስኩ። ለመያዣ ነበር የሰጠሁት።

መልስ፦ ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። "ለመያዣ ነው" ብቻውን አያድንም። የቼክ መዝገብ የሚይዝ ጠበቃ ፈልግ።

ለገሃር፦ ኦዲት ጉድለት አለብሽ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለሳቢያን የጻፍኩትን አንብቢ። ከላይ አለ። ያለፈ ቀን ጽፈሽ ሰነድ አታዘጋጂ። እሱ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ንጹሕ ሆነሽ ሳለ ወንጀለኛ ያደርግሻል።

ሸዋ በር፣ ሐረር፦ የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አለቃችን "ከዚህ ድርጅት ግዙ" ብሎ በቃል አዘዘን። ተቃወምኩ፣ ግን ፈረምኩ።

መልስ፦ ይሄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ታዝዤ ነው ማለት ብቻውን አያወጣህም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 መሠረት፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ሠራተኛ ይጠየቃል። "ተቃወምኩ" ስትል ደግሞ ማወቅህን በራስህ አፍ ትናገራለህ። ይህን ለፖሊስ ከመናገርህ በፊት ጠበቃ አማክር። ልዩነትህ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ፣ በዚያው ሰሞን ለአለቃህ ያስገባኸው ማስታወሻ አለ? ለባልደረባ የላክኸው ቴሌግራምስ? ሌሎቹ አባላት አብረውህ ተከሰዋል ወይስ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነዋል? ምስክር ከሆኑ፣ ስብሰባው ላይ ማን ምን እንዳለ በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል። የሌሎቹ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ካለ ዋጋውን አስተያይ። ስልክህን አትቀይር፣ ምንም ነገር አታጥፋ። ቃለ ጉባኤው እጅህ ላይ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲያስቀርብልህ ጠበቃህ ያመለክታል። አንተ የስብሰባውን ቀን አስታውስ።