«ኮንትራት ነህ» የተባለ ሁሉ ተቋራጭ አይደለም፦ የግብር ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በአስጎብኚዎች፣ በሆቴል ሠራተኞች፣ በጥበቃዎችና በጥናት ፕሮጀክት በሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ አንድ ክርክር እየተደጋገመ ይነሳል፦ ከክፍያዬ ላይ መቆረጥ የነበረበት የደመወዝ ግብር ነው ወይስ ዊዝሆልዲንግ (ከንግድ ክፍያ ላይ አስቀድሞ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር)? የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀምጫለሁ። ስሌቶቹ በሙሉ በ2017 በወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ (1395/2017) መጣኔ የተሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ውሉ ላይ «ይህ የቅጥር ውል አይደለም» ተብሎ ከተጻፈና ከፈረምኩበት ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ተቀጣሪ የሚለው በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት፣ አገልግሎት የሚሰጥን ግለሰብ ነው። ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የመምራቱ ሥልጣን በአብዛኛው በራሱ እጅ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱ ምንም ይበል፣ የሚታየው የዕለት ተዕለት አሠራሩ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚወስነው ማነው? ኮምፒውተሩ፣ መኪናው፣ ዕቃው የማን ነው? ሥራው ቢበላሽ በራስህ ኪሳራ ደግመህ ትሠራለህ? ለሌላ ደንበኛ መሥራት ትችላለህ? ከሁሉም በላይ እኔ የማየው ግን ይህን ነው፦ ብትታመም አሠሪውን ሳታስፈቅድ ሌላ ሰው ተክተህ ማሠራት ትችላለህ? አልችልም ካልክ ተቋራጭ ነኝ ብሎ መከራከር ይከብድሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አስጎብኚ ነኝ። የሙያና የንግድ ፈቃድ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርና ደረሰኝ አለኝ። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ስሜን ተራሮችን ለአራት ድርጅቶች በቀን ሒሳብ አስጎበኛለሁ። አንዱ ድርጅት ግን «የቀን ክፍያ ስለሆነ ደመወዝ ነው» ብሎ እንደ ተቀጣሪ ቆረጠብኝ።

መልስ፦ የቀን ሒሳብ መሆኑ ብቻውን ደመወዝ አያደርገውም። ጉዞውን ራስህ የምትመራው፣ ለብዙዎች የምትሠራውና ደረሰኝ የምትቆርጠው አንተ ነህና የንግድ ገቢ ነው። ድርጅቱ መቀነስ ያለበት 3 በመቶ ነው (ቀድሞ 2 ነበር)፤ እሱም የአገልግሎቱ ዋጋ ከ10,000 ብር ሲበልጥ። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ውሉን ሸንሽኖ መክፈል ነው። የስድስት ቀን የስሜን ጉዞ በአንድ ውል 18,000 ብር ከተስማማችሁ፣ በሦስት ጊዜ ስለተከፈለህ ከገደቡ በታች አይሆንም።

ለድርጅቱ ሒሳብ ክፍል የምትልከው ደብዳቤ ላይ የንግድ ፈቃድህን፣ የቲን ምዝገባህን፣ የደረሰኞቹን ኮፒና ውሉን አያይዝ። ገንዘቡ ገና ለግብር ቢሮ ካልገባ ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ከገባ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። የ3 በመቶውን ተቀናሽ ደረሰኝ ደግሞ በየክፍያው ተቀበል። ዓመቱ ሲያልቅ ከግብርህ ላይ የሚታሰብልህ በእሱ ነው፤ ሰኔ ላይ የአራት ድርጅት ገንዘብ ያዥ ማሳደድ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 እገባለሁ፤ ኮምፒውተሩም ቢሮውም የነሱ ነው። 20,000 ብር ይከፈለኛል። ሥራ አስኪያጁ «ኮንትራክተር ነሽ፣ ንግድ ፈቃድ አውጪ» ብሎኝ አወጣሁ፤ አሁን 3 በመቶ ብቻ ነው የሚቆረጠው። እውነቱን ለመናገር እጄ ላይ የሚገባው ስለበዛ አልጠላሁትም። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

እንደ ተቀጣሪ፦ 20,000 በ35 በመቶ 7,000፣ በመጣኔው ሠንጠረዥ ለዚህ እርከን የተቀመጠው ተቀናሽ 2,050 ሲነሳ ግብሩ 4,950 ብር ነው። የጡረታ 7 በመቶ 1,400 ብር። እጅሽ የሚገባው 13,650 ብር። አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር ለጡረታሽ ይጨምራል።

እንደ ተቋራጭ፦ 600 ብር ይቀነስና 19,400 ብር ይደርስሻል። በዓመት ግን ገቢሽ 240,000 ብር ነው። መዝገብ ይዘሽ በትርፍ የምትገመቺ ከሆነና የምታቀርቢው ወጪ ከሌለ፣ ግብሩ 59,400 ብር ይሆናል። በ12 ብታካፍይው ያው 4,950 ነው! ከዚህ የተቀነሰብሽ 7,200 ብር ብቻ ስለሆነ 52,200 ብር በአንድ ጊዜ ትጠየቂያለሽ። (በሽያጭ መጠን ላይ በሚሰላ ግብር የምትስተናገጂ ከሆነ ቁጥሩ ይለያል።) ተቋራጭነት የሚያዋጣው እውነተኛ ወጪ ላለው ሰው ነው፤ 60,000 ብር በደረሰኝ የተደገፈ ወጪ ቢኖርሽ ግብሩ ወደ 38,400 ይወርድ ነበር። አንቺ ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ የምን ወጪ ታቀርቢያለሽ?

ጡረታው አይቆጠርልሽም። በመጀመሪያው ዓመት የሚገባሽ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድና የሥራ ስንብት ክፍያም የሉም። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ አውጪ ያለሽ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኦዲት መጥቶ «ተቀጣሪ ነበረች» ቢል ዕዳው የማን ነው?

መልስ፦ ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ግዴታ የቀጣሪው ነው። ሳይቀንስ ከቀረ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል፤ በታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) መቀነስ የነበረበት ግብር 10 በመቶ ቅጣትም አለበት፣ ወለዱ ሳይቆጠር። የከፈለውን ግብር ግን መልሶ ከሠራተኛው ሊጠይቅ ስለሚችል «እኔን አይነካኝም» አትበዪ። ኦዲት ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ወደኋላ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ማስረጃ አሁን ያዢ፦ የመግቢያ ሰዓት መቆጣጠሪያ ፎቶ፣ ፈቃድ የጠየቅሽበትና የተከለከልሽበት የቴሌግራም መልእክት፣ የባንክ መግለጫ (በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን በአንድ ዓይነት ቀን መግባቱ ብዙ ይናገራል)፣ የሥራ መታወቂያ፣ በስምሽ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ካለ እሱንም። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለሠራተኛ ነውና እንዲህ ያለ ወረቀት ክርክሩን ግማሽ ያደርስልሻል።

ጥያቄ፦ በኤጀንሲ በኩል ባንክ ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ኤጀንሲው የደመወዝ ግብር ይቆርጣል፤ ደግሞ «ባንኩ 3 በመቶ ስለቀነሰብን» ብሎ ሌላ ይቆርጣል።

መልስ፦ ሁለተኛው ቅነሳ አይገባም። ባንኩ 3 በመቶ የሚይዘው ከኤጀንሲው የአገልግሎት ክፍያ ላይ ነው፤ ያ የኤጀንሲው የራሱ የንግድ ግብር ቅድመ ክፍያ ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይታሰብለታል። የአንተ ቀጣሪ ኤጀንሲው ነው፤ ከደመወዝህ የሚነሳው የደመወዝ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ነው። በየወሩ የደመወዝ መግለጫ ወረቀት ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገው። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ይዘህም የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሄደህ የተቆረጠው ገንዘብ በእርግጥ መግባቱን አጣራ። መቆረጥና መግባት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ለጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ 20 ቀን ብቻ ነው የሠራሁት። 20 ቀን የሠራ ሰው ተቀጣሪ ይባላል?

መልስ፦ ይባላል፤ አዋጁ «በጊዜያዊነት» የሚለውን በግልጽ ጨምሯል። መጠይቁን የሚሰጥህ፣ የምትሄድበትን ቀበሌ የሚመድብልህና ማታ ማታ የሚያርምህ ሱፐርቫይዘር ካለ አመራርና ቁጥጥሩ አለ። ክፍያውን «አበል» ብሎ መሰየምም ከግብር አያወጣውም።

ጥያቄ፦ የሚቆረጠው ግብር የሚገባው ለከተማው ገቢዎች ነው ወይስ ለፌዴራል? አንዱ ወደ አንዱ እየላኩ አመላለሱኝ።

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 እና 97 ላይ ተከፋፍሏል። የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጣሪ ግብሩ የፌዴራል ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ እዚህ ይገባል። የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ተቀጣሪ የክልሉ ነው፤ ሆቴሉ፣ የግል ኮሌጁ፣ ክሊኒኩ። በክልሉ የሚሠራ የግለሰብ ነጋዴ ግብርም የክልሉ ነው። ተቀጣሪ ነኝ ወይስ ነጋዴ የሚለው ክርክር አንዳንዴ ቢሮውንም ጭምር የሚቀይረው ለዚህ ነው፤ ከመሄድህ በፊት ይህን ለይ።

ጥያቄ፦ ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ (12,000)፣ ማታ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ (8,000)። ሁለቱም ለየብቻ ይቆርጣሉ። ጣጣ አለው?

መልስ፦ አለው። ከአንድ በላይ ቀጣሪ ያለው ሰው ግብር የሚሰላው በድምሩ ላይ ነው። ለየብቻ 2,250 እና 1,150 ይቆርጣሉ፣ በድምሩ 3,400። በ20,000 ላይ ግን 4,950 ነው፤ በየወሩ 1,550 ብር ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ «ደረሰኝ አምጣ» ሲለኝ ከጓደኛዬ ባስቆርጥስ?

መልስ፦ በፍጹም። ባልተከናወነ ግብይት ደረሰኝ መስጠትም መጠቀምም ወንጀል ነው፤ ሦስታችሁንም ይዞ ይሄዳል። አልፎ አልፎ የምትሠራ ከሆነና ፈቃድ ከሌለህ ለደንበኛህ በግልጽ ንገረው፣ ቢያንስ ቲን አውጣ። ቲን የማያቀርብ ሰው ላይ የሚቀነሰው መጠን ከ3 በመቶው እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ካልተስማማን የት ነው የሚከሰሰው፣ እስከ መቼ?

መልስ፦ ሁለት በሮች አሉ፤ ሰው የሚሳሳተው አንዱን እያንኳኳ የሌላውን ቀን ሲያሳልፍ ነው።

የግብር ቢሮ ውሳኔ በጽሑፍ ከደረሰህ፣ በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። በቅሬታው ውሳኔ ካልረካህ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ፣ ያከራከረውን ግብር 50 በመቶ አስይዘህ። ጉዳዩ በክልሉ ቢሮ ከሆነ የክልሉን አዋጅ ቀኖች ከውሳኔው ደብዳቤ ላይ አረጋግጥ። አሠሪ በራሱ የቆረጠው ግን የግብር ቢሮ ውሳኔ አይደለምና ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ብትሄድ ይመልሱሃል፤ መጀመሪያ ለአሠሪው ጻፍ።

የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ጥያቄ ደግሞ የሥራ ክርክር ችሎት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ መመለስ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አሠሪው የሚያቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው፦ «በራሱ የሙያ ኃላፊነት ነው የሠራው፣ ንግድ ፈቃድም አለው»። የንግድ ፈቃዱ በማን ትእዛዝ፣ ሥራው ከተጀመረ ስንት ወር በኋላ እንደወጣ የሚያሳይ መልእክት ካለህ ከክሱ ጋር አያይዘው።